የትኛውን ቀን እንመልስ? የአሮጌ ድራግስተሮች ዕድሳትና ታሪካቸው

ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ምልክት ሲሰጣቸው ከቆሙበት ተፈናጥረው ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል፣ በቀጥታ መስመር ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ድራግ የሚባለው የመኪና ውድድር ይኸው ነው። ለዚህ የጥቂት ሰከንድ ሩጫ ብቻ ተብለው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ፣ ከሁሉም በላይ በካሊፎርኒያ፣ የተሠሩት ቀጫጭን መኪኖች ድራግስተር ይባላሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ እነዚህ መኪኖች በሙዚየም ይቆማሉ፣ በትርዒት ይቀርባሉ፣ በጨረታ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ግን እዚያ የደረሱት ከጋራዥ ጣሪያ ሥር ተንጠልጥለው ወይም አጥር ጥግ ዝገት ሲበላቸው ከተገኙ በኋላ ታድሰው ነው። አዳሾቹም ሻጮቹም ዘወትር የሚሰጡት ዋስትና መኪናው ልክ እንደ ድሮው ሆኗል የሚል ነው። ክርክሬ ከዚህ ዋስትና ጋር ነው። ድራግስተር ከፋብሪካ የወጣበት ቀን የለውም፤ በየሳምንቱ እየተቆረጠና እየተበየደ ስለኖረ የምንመልሰው አንድ የድሮ መልክ አልነበረውም። አዳሹ መመለስ የሚችለው ከመኪናው ዕድሜ አንዱን ቀን ነው። ያንን ቀን ካልመረጠ፣ በማስረጃ ካላስደገፈና ምርጫውን በግልጽ ካልተናገረ፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር ታሪኩን ይሸፍነዋል።

ነገሩ ከአጀማመሩ ይታያል። በ1930ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ፎርድ በ1932 ያወጣውን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር እያሻሻሉ፣ ሙሮክና ኤል ሚራጅ በሚባሉ የደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ ፍጥነታቸውን ይለኩ ነበር፤ ልኬቱን በሥርዓት የሚያካሂደው የደቡብ ካሊፎርኒያ ማኅበር የተቋቋመው በ1937 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሙሮክን የጦር አየር ኃይሉ ያዘው። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ሞተር መፍታትና ብየዳ በውትድርና የተማሩ ብዙ ወጣቶች ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ የተረፈ የጦር ዕቃም በርካሽ ይሸጥ ጀመር፤ ሥራ ፈት የሆኑ ማኮብኮቢያዎችም ነበሩ። በ1949 ሳንታ ባርባራ አቅራቢያ ባለችው ጎሊታ የተደራጀ ውድድር ተካሄደ፤ በ1950 ሳንታ አና ላይ በአውሮፕላን ማኮብኮቢያ መግቢያ እየተከፈለበት ሳምንታዊ ውድድር ተጀመረ፤ በ1951 ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊውን የሆት ሮድ (ለፍጥነት የተሻሻለ መኪና) ማኅበር መሠረተ፤ ማኅበሩም የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና በ1955 በካንሳስ ግዛት፣ ግሬት ቤንድ ከተማ አዘጋጀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለዚህ ውድድር ተብሎ የተሠራ መኪና የሚሸጥበት ሱቅ አልነበረም። ሻንሲው ከአሮጌ የቤት መኪና ይፈታል። መቀመጫውና የወገብ ቀበቶው ከተረፈ የጦር አውሮፕላን ይመጣል። አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ብሎወር የተነቀለው ከጄኔራል ሞተርስ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ያው ሞተር አውቶቡስና የጭነት መኪና ይጎትት የነበረ፣ በጦርነቱም ጊዜ ወታደር ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያደርሱ ጀልባዎችን የገፋ ነው። የቃጠሎ ክፍሉ የግማሽ ኳስ ቅርጽ ያለው ሄሚ የተባለው ሞተርም ክራይስለር ከ1951 ጀምሮ ለባለጸጋ የቤት መኪኖቹ ያወጣው ነበር። ስለዚህ ድራግስተር ገና በተወለደበት ዕለት እንኳ ከሌላ ማሽን ያልመጣ ዕቃው ጥቂት ነበር። «ኦሪጅናል ዕቃ» የሚለው መለኪያ ለሮልስ ሮይስ ወይም ለፌራሪ የሚሠራውን ያህል እዚህ አይሠራም።

ከሁሉ የታወቀውን አንዱን እንይ። በ1932 ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ ላይ የተወለደው ዶን ጋርሊትስ ኋላ ስዋምፕ ራት አንድ የተባለውን መኪናውን የሠራው ከ1931 ሼቭሮሌ በተፈታ የሻንሲ ሐዲድ ላይ የክራይስለር ሄሚ ሞተር ተክሎ ነው። በኅዳር 1957 በፍሎሪዳዋ ብሩክስቪል በሰዓት 176.40 ማይል፣ ማለትም 284 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲበር ይኸው መኪና በካርቡራተር ነበር የሚሠራው። በ1959 ጸደይ ወደ ካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ አቀና፤ እዚያ ተሸነፈና ከዚያ በኋላ ብሎወር ተተከለበት። በዚያው ዓመት በሳውዝ ካሮላይናዋ ቼስተር በተነሳ እሳት ጋርሊትስ ክፉኛ ተቃጠለ፤ እሱ ታሞ ሲተኛ መኪናውን ይነዳ የነበረው አርት ማሎን ነው። እንግዲህ ይህን መኪና የሚያድስ ሰው የትኛውን ይመልስ? ክብረ ወሰን ያስመዘገበውን ባለ ካርቡራተሩን? ቤከርስፊልድ ላይ የተሸነፈውን? ባለ ብሎወሩን? ወይስ ከእሳቱ በኋላ ተጠግኖ ሌላ ሰው የነዳውን? አራቱም እውነተኛ ናቸው። አራቱን በአንድ ላይ ማሳየት ግን አይቻልም። ከእያንዳንዳቸው ደስ ያለውን ቆንጥሮ አንድ መኪና የሚያቆም አዳሽ በየትኛውም ቀን በየትኛውም ሜዳ ላይ ያልቆመ መኪና ፈጠረ ማለት ነው። ይህ ስህተት በዚህ ሙያ ውስጥ ተደጋግሞ የሚሠራ ነው፤ የ1957 ስም ተጽፎበት፣ የ1962 ጎማ አጥልቆ፣ የ1965 ብሎወር የተሸከመ መኪና ለተመልካች ያምራል፤ ታሪክ አይሆንም።

መኪኖቹ ለምን ጠፉ የሚለውን ካልተረዳን ለምን ይህን ያህል ማስረጃ እንደሚያስፈልግም አይገባንም። እሽቅድድም የገንዘብ ጥም ያለበት ሥራ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ተወዳዳሪው ሞተሩን ነቅሎ ለሚቀጥለው መኪናው ያስቀምጣል፤ ሻንሲውን ለጀማሪ ይሸጣል፤ ጀማሪውም ቀለሙን ቀይሮ፣ ሌላ ሞተር ተክሎ፣ ዝቅ ባለ ምድብ ይወዳደርበታል፤ እሱም በተራው ይሸጠዋል። በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። በመጋቢት 8 ቀን 1970 ሎስ አንጀለስ ወደብ አጠገብ ባለው የላየንስ ሜዳ የጋርሊትስ መኪና ካምቢዮ ሲፈነዳ ሻንሲውን ለሁለት ቆረጠው፤ የሰውየውንም የቀኝ እግር ጫፍ ወሰደው። ያን ጊዜ የነበሩት ድራግስተሮች ሞተራቸው ከፊት፣ ነጂው ከኋለኛው አክስል በስተኋላ፣ እግሮቹን አክስሉ ላይ አንፈራጥጦ የሚቀመጥባቸው ነበሩ። ሞተር፣ ፍሪሲዮን ወይም ካምቢዮ ቢፈነዳ ስብርባሪው የሚያገኘው ነጂውን ነው። ጋርሊትስ ሞተሩን ከኋላው ያደረገ አዲስ መኪና ሠርቶ በ1971 መጀመሪያ በካሊፎርኒያዋ ፖሞና አሸነፈበት፤ ከእሱ በፊትም ሞተር ከኋላ የሞከሩ ነበሩ፣ እንደዚህ አሳምኖ ያሸነፈ ግን አልነበረም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባለ ፊት ሞተሮቹ ዋጋቸው የብረታቸው ዋጋ ሆነ። መሮጫቸውም ከእነሱ ጋር ጠፋ፤ ሳንታ አና በ1959፣ ላየንስ በ1972 መጨረሻ፣ ሌሎችም ተከታትለው ተዘጉ፤ ከተማው እየሰፋ መሬቱን ፈለገው። የሚንጠለጠልበት ጣሪያ ያገኘ ሻንሲ ተረፈ፤ ሌላው ተቆራርጦ ተሸጠ።

የተረፈው ሻንሲ ግን መናገር ይችላል፤ አዳሹ ከመፋቁ በፊት ካዳመጠው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን በ1970 አካባቢ ከ5 ሜትር አልፏል፤ መኪናው በረዘመ መጠን ቀጥ ብሎ ይሮጣል ተብሎ ስለታመነ። አዲስ ሻንሲ መግዛት ያልቻለው የያዘውን ቆርጦ ይቀጥለው ነበር። ቱቦው ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ዙሪያውን የተበየደበት ቦታ በጣት ሲዳሰስ ጉብ ብሎ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የብየዳ መስመር ከፊተኛው የተለየ እጅ ሥራ ሆኖ ይታያል፣ አንደኛው ደቃቅና እኩል፣ ሌላው ወፍራምና የተጣደፈ። ሞተር የታሰረበት ቅንፍ ተቆርጦ ጠባሳው ሲቀር፣ ከጠባሳው እስከ አዲሱ ቅንፍ ያለው ርቀት ሞተሩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደተገፋ ይነግረናል። የብሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥም የፎርድ፣ የሼቭሮሌ ወይም የክራይስለር ሞተር ታስሮ እንደነበር ያሳያል፤ በአንድ ሳህን ላይ የሁለት ዓይነት ሞተር ቀዳዳ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቀለሙ ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያለ ክብ ሲፈገፈግ ሽፋኖቹ እንደ ቀለበት አንዱ በአንዱ ውስጥ ይወጣሉ፤ ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ፣ በመጨረሻ እርቃኑን ብረት። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ባለቤት ወይም አንድ ወቅት ነው። መኪናውን ገዝቶ በማግስቱ አሸዋ የሚያስረጭበት ሰው ይህን ሁሉ መዝገብ በአንድ ከሰዓት ያጠፋዋል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የከፋ ጥፋት አላውቅም።

ከሻንሲው ቀጥሎ ያለው ማስረጃ ፎቶ ነው። በ1948 የጀመረው «ሆት ሮድ» መጽሔትና በ1955 የተነሳው «ድራግ ኒውስ» ጋዜጣ የመነሻ መስመሩን በምስል ሞልተው ትተውልናል። ቀኑ የታወቀ አንድ ፎቶ ከአሥር ሰው ትዝታ ይበልጣል፤ ትዝታን ለመናቅ አይደለም፣ ሰው ሦስት ወቅቶችን አንድ አድርጎ ስለሚያስታውስ ነው። ቀን መምረጥ የሚያስከትለውን አዳሹ ሁሉ አያስበውም። ለምሳሌ ነዳጁን እንውሰድ። ብሔራዊው ማኅበር በ1957 ናይትሮሜቴን የተባለውን ነዳጅ ከልክሎ እስከ 1963 ድረስ ውድድሮቹን በቤንዚን ብቻ አካሄደ፤ በቤከርስፊልድና በሌሎች የግል ሜዳዎች ግን ናይትሮው ቀጠለ። ስለዚህ አንድን መኪና በ1960 ብሔራዊ ሻምፒዮና እንደቀረበ አድርጎ የሚያድስ ሰው የነዳጅ ፓምፑን ለናይትሮ ቢገጥም ዘመኑን አዛብቷል፤ ያንኑ መኪና በዚያው ዓመት ቤከርስፊልድ ላይ እንደነበረ ካደሰው ግን ናይትሮው ትክክል ነው። የአንድ ወቅት ሁለት ሳምንቶች ሁለት የተለያዩ መኪኖች ይፈልጋሉ። ጎማውም፣ የፓራሹት ጃንጥላው ማሰሪያም፣ በጎኑ የተጻፈው የሱቅ ስምም እንደዚሁ ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ከተገኘው ውስጥ የሚተርፈው የሻንሲው ቱቦ ብቻ ከሆነ፣ ሞተሩ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ፣ ገላው በአዲስ አሉሚኒየም ተቀጥቅጦ፣ ጎማው አዲስ ተጥሎበት፣ ይህን ምኑን ነው አሮጌ መኪና የምንለው? በአሮጌ ስም የቆመ አዲስ መኪና አይደለምን? መልሴ ግማሽ እሺታ ነው። ሞተር በነዚህ መኪኖች ሕይወት ውስጥ ሁልጊዜ ተለዋዋጭ ነበር፤ በአንድ ምሽት እንኳ ይቀየር ነበር፤ ስለዚህ የሞተር መለወጥ የመኪናውን ማንነት አያጠፋም። ማንነቱን የሚይዘው ቁርጥና ብየዳው የተመዘገበበት ሻንሲ ነው። ሻንሲው ራሱ ከሌለ ግን የተሠራው ነገር ቅጂ ነው፤ ቅጂነቱም መጻፍ አለበት። ቅጂ ነውር የለበትም፤ ዋናው ተቆርጦ ከተሸጠ መልኩን ለልጅ ልጅ የሚያሳይ ሌላ መንገድ የለም። ስለ ሐውልትና ሕንፃ ጥበቃ በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ዕድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም አለበት ይላል፤ ይህ ቃል ለድንጋይ የተጻፈ ቢሆንም ለብረትም ይሠራል። ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ሻንሲ ሲገኝ፣ የታዋቂ ቡድን ቀለም ተቀብቶና ስም ተጽፎበት ዋጋው ሲወጣ እናያለን። እዚህ ላይ የሚሠራው በደል ድርብ ነው። ገዢው ይታለላል፤ ያ ሻንሲ በእውነት የነበረው የአንድ ትንሽ ከተማ መካኒክ፣ ቅዳሜና እሁድን ከደመወዙ ቆጥቦ የሮጠ ሰው፣ ሥራውም ስሙም ለሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል። ድራግን ያቆሙት እንደ እሱ ያሉት ናቸው። የማይታወቅን ሰው መኪና በማይታወቀው ሰው ስም ማደስ ትርፍ የለው ይሆናል፤ ለታሪክ ግን ከአሥረኛው የዝነኛ ቅጂ ይልቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከውበት በኩል ይመጣል። አንዳንዱ አዳሽ ብየዳውን ሁሉ በሞረድ ያስተካክላል፣ ብረቱን ክሮም ያስነክራል፣ ቀለሙን እንደ መስታወት ያወለውላል፤ ሲጠየቅም ለቀድሞዎቹ ሰዎች ክብር ነው ይላል። ይህን በጅምላ መንቀፍ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም በዘመኑም ያሸበረቁ መኪኖች ነበሩ። ኦክላንድን በመሰሉ ከተሞች የሚካሄዱ የመኪና ትርዒቶች ተወዳዳሪውን ቀለምና ክሮም አስለምደውት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኬንት ፉለር በሠራው ሻንሲ፣ ኪት ብላክ ባዘጋጀው ሞተር፣ ቶሚ ግሪር በደገፈው ገንዘብ ዶን ፕሩዶም የነዳው ዝነኛ መኪና በፎቶ ላይ እንኳ እንከን የሚፈለግበት አይደለም። እንዲህ ያለውን መኪና አቧራ አልብሶ ማቅረብ ራሱ ውሸት ይሆናል። ሻካራነት ከእውነት ጋር አንድ አይደለም፤ ውበትም ከውሸት ጋር አንድ አይደለም፤ ዳኛው ማስረጃው ነው። የተጣደፈ ብየዳ ያለበትን ሻንሲ ግን አለስልሶ ማሳመር፣ ሠሪው አርብ ሌሊት ተሰብሮበት ለእሁድ ያደረሰበትን ሥራ መሰረዝ ነው። ከታሪክ ባሻገር አደጋም አለው፤ ብረት ክሮም ሲነከር ሃይድሮጅን ሰርጎት ሊሰባበር ይችላል፣ ጠንካራው ብረት ይበልጥ ይጎዳል፤ መሪውን የሚይዝ ዘንግ ለውበት ተብሎ እንዲህ የሚደረግበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ መኪናው ይነሳ ወይስ ዝም ብሎ ይቁም የሚለው ነው፤ በዚህ ላይ ሙዚየሞችና ባለቤቶች ከልብ ይለያያሉ። ናይትሮሜቴን ኦክስጅን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ አንድ ኪሎው ለመቃጠል 1.7 ኪሎ አየር ይበቃዋል፤ ቤንዚን 14.7 ይፈልጋል። በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት የቤንዚን ሩብ ገደማ ቢሆንም በዚያው አየር ከስምንት እጥፍ በላይ ነዳጅ ስለሚቃጠል ሞተሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ያገኛል። ይህ ጉልበት አሮጌ የሞተር ብረትን ለሁለት ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ነዳጁ ሳይቃጠል ሲሊንደር ውስጥ ከተጠራቀመም ብሎወሩን ከቦታው ያነሳዋል። ስለዚህ «አታንሱት» የሚሉት ተሳስተዋል አልልም። በ1987 ወደ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የገባው የጋርሊትስ ስዋምፕ ራት ሠላሳ በዝምታ መቆሙ ተገቢ ነው፤ ከሩጫው ብዙም ሳይርቅ ስለገባ የመጨረሻ ወቅቱን ይዞ ነው ያለው። ሞተሩ ቀድሞ የጠፋበትና በሌላ የተተካ መኪና ግን በመነሳቱ የሚያጣው ቅርስ የለም፤ የሚያተርፈው ግን አለ። በቤከርስፊልድ አጠገብ ባለው የፋሞሶ ሜዳ ከ2000 ጀምሮ የታደሱ ድራግስተሮች ተሰልፈው ሞተራቸውን በናይትሮ የሚያስነሱበት ምሽት ካክልፌስት ይባላል። አሮጌው አነሳስ ሙያ ነበረው፤ መኪናው ማስነሻ ስለሌለው ሌላ መኪና ከኋላ ይገፋዋል፤ ነጂው ፍሪሲዮኑን ለቆ ሞተሩን ያዞራል፤ የዘይት ግፊቱ መውጣቱን ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፤ ከዚያ ነዳጁን ይከፍትና የማግኔቶውን (የብልጭታ ሰጪውን) ማብሪያ ይጫናል። ግፊቱ ሳይወጣ ከቸኮለ ሞተሩን ያቃጥላል፤ ነዳጁን ቀድሞ ከከፈተ ያፈነዳዋል። ይህን ቅደም ተከተል ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የእጁን ጊዜ አጠባበቅ ግን በወረቀት ማስተማር አይቻልም። የሚያውቁት ደግሞ እያለፉ ነው፤ ዋሊ ፓርክስ በ2007 ሞተ፤ የ1959ኙን የመጀመሪያ የቤከርስፊልድ ውድድር ያሸነፈው አርት ክሪስማን በ2016 ሞተ። አንድ ወጣት መካኒክ ዛሬ ከሽማግሌ ጎን ቆሞ የሚማርበት አጋጣሚ ያለው የታደሰ መኪና ሲነሳ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በተተካ ሞተር፣ በቀላል የናይትሮ ድብልቅ፣ የእሳት ማጥፊያ በእጅ ይዞ ቢነሳ ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አዳሹ ላይ የሚወድቅ አንድ የማይታይ ሥራ አለ፤ እሱም መዝገብ ነው። የተቆረጠው ቱቦ፣ የተፋቀው ቀለም፣ የወጣው የዛገ ብሎን፣ የተተካው መቀመጫ፣ እያንዳንዱ ሳይነካ ፎቶ ተነስቶ፣ ምን እንደነበረና በምን እንደተተካ በደብተር ተጽፎ፣ አሮጌው ዕቃ ምልክት ታስሮበት በሣጥን መቀመጥ አለበት። ሥራው ገንዘብ አያመጣም፤ ትርዒት ላይም አይታይም። ያም ሆኖ ከሃያ ዓመት በኋላ የተሻለ ፎቶ ቢገኝና የተመረጠው ቀን ስህተት ሆኖ ቢታይ፣ ሥራውን ማረም የሚቻለው በዚያ ደብተር ብቻ ነው። መኪናው ሲሸጥ ደብተሩና ሣጥኑ አብረውት ሊሄዱ ይገባል፤ ገዢዎችም ከቀለሙ በፊት እነሱን መጠየቅ ቢለምዱ ዋጋው ራሱ አዳሾችን ያስተምራል። ጋርሊትስ በ1984 በፍሎሪዳዋ ኦካላ የከፈተው ሙዚየምም፣ በ1998 ፖሞና ላይ የተከፈተው በዋሊ ፓርክስ ስም የሚጠራው ሙዚየምም፣ ከእያንዳንዱ የታደሰ መኪና አጠገብ የተመረጠውን ቀን፣ ያ ቀን የተረጋገጠበትን ፎቶና የተተኩትን ዕቃዎች ዝርዝር ቢለጥፉ ተመልካቹ የቆመው ከየትኛው ብረት ፊት እንደሆነ ያውቃል።